ባንኮች ከአንድሮይድና ከአይፎን ውጭ ላሉ ስልኮች በር እንዲከፍቱ ይገደዱ?

ስልክ ጠጋኙ፣ ከደሴ ፒያሳ፦
ጥያቄውን እኔ ላንሳ። በቅርቡ አንድ ተማሪ አሮጌ ስልኩን አምጥቶ ጉግል የሌለበትን ላይኔጅ ኦኤስ፣ ማለትም በነፃ የሚገኝ ከአንድሮይድ የተቀዳ ስርዓተ ክወና (ስልኩን የሚያንቀሳቅሰው ዋና ፕሮግራም)፣ ጫንኩለት። ስልኩ ነፍስ ዘራ፤ የደህንነት ማሻሻያውም የቅርብ ነው። የባንኩን መተግበሪያ ሲከፍት ግን «የስልክዎ ደህንነት አልተረጋገጠም» ብሎ ዘጋበት። እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ የነበረ፣ አምራቹ ማሻሻያ መላክ ካቆመ ዓመታት ያለፉት አንድሮይድ ስልክ ያንኑ መተግበሪያ ያለ አንዳች ጥያቄ ከፈተ። ምርመራው የጉግልን ማኅተም፣ ማለትም ጉግል ስልኩን አውቀዋለሁ ማለቱን፣ አይቶ ያሳልፋል፤ የስልኩን ጤንነት ማን ጠየቀ? ትናንሾቹ ስርዓተ ክወናዎች ሳይወዳደሩ በር ላይ ይመለሳሉ። እኔ ባንኮች በሕግ ይገደዱ ባይ ነኝ።

መምህሩ፣ ከኮምቦልቻ፦
ወንድም ዓለም፣ ሙያህን አከብራለሁ፤ ሕጉን ግን አልደግፍም። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በ2014 የኖኪያን የስልክ ክፍል ከ7 ቢሊዮን ዶላር በላይ ከፍሎ ገዛ፤ በዓመቱ ከዚያ ጋር የሚቀራረብ ኪሳራ መዘገበ። የማይክሮሶፍት ስርዓተ ክወና የነበረው ዊንዶውስ ፎን ያማረና ለእጅ የቀለለ ነበር፤ ራሴ ይዤዋለሁ። የገደለው የመተግበሪያ ድርቅ ነው። መተግበሪያ ሠሪው ተጠቃሚ የለም ብሎ አይሠራም፤ ተጠቃሚው መተግበሪያ የለም ብሎ አይገዛም። የፋየርፎክስ አሳሽ ሠሪው ሞዚላም በ2013 በርካሽ ስልኮች የጀመረውን ስርዓተ ክወና፣ ፋየርፎክስ ኦኤስን፣ ሦስት ዓመት ሳይሞላው ተወው። ሁዋዌ በ2019 የአሜሪካ ማዕቀብ የጉግልን አገልግሎት ሲያሳጣው የራሱን ሃርመኒ ኦኤስ ይዞ የተረፈው ከጀርባው የቻይናን የሚያህል ገበያ ስላለው ነው። የእኛ ባንኮች የአንድሮይዱን መተግበሪያ እንኳ በወጉ ሳያቆሙ ለአምስት ዓይነት ስልክ ሥሩ ብንላቸው፣ ወጪው በአገልግሎት ክፍያ በኩል ዞሮ እኛው ላይ ያርፋል።

ነጋዴው፣ ከወልዲያ፦
ወላሂ እኔ ክርክሩ አልገባኝም። በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ በነበረበት ጊዜ *127# ብዬ በቴሌብር እከፍል ነበር። ያውም በባለ ቁልፍ ስልክ!

ስልክ ጠጋኙ፦
አብሽር፣ ያለ አንድሮይድም መክፈል እንደሚቻል አንተማ ለእኔ መሰከርክልኝ። መምህር፣ አምስት መተግበሪያ ይሥሩ አላልኩም። የባንኩ ድረ ገጽ በማንኛውም አሳሽ ሙሉ አገልግሎት ይስጥ፤ መተግበሪያውም በጉግል ማኅተም ብቻ አይፍረድ። አንድሮይድ በስልኩ ቺፕ በኩል የሚሠራ የራሱ የሃርድዌር ማረጋገጫ አለው፤ እንደ ግራፊን ኦኤስ ያሉት፣ ደህንነት ላይ ያተኮሩ የአንድሮይድ ቅጂዎች፣ በዚያ በኩል ሊረጋገጡ ይችላሉ። ገበያው ቀበራቸው ለሚሉትም፣ የአውሮፓ ኮሚሽን በ2018 ጉግልን ከ4 ቢሊዮን ዩሮ በላይ የቀጣው እኮ፣ ፕሌይ ስቶርን የሚፈልጉ አምራቾች ከአንድሮይድ የተቀዳ ሌላ ሥርዓት የያዘ ስልክ እንዳይሸጡ በውል ስላሰራቸው ጭምር ነው። እጁ ታስሮ የወደቀን ታጋይ ደካማ አንለውም።

መምህሩ፦
ቅጣቱ እውነት ነው። ከቅጣቱ በኋላስ የትኛው ትንሽ ሥርዓት ገበያ ያዘ? ከፋየርፎክስ ኦኤስ ፍርስራሽ የተነሣው ካይ ኦኤስ በርካሽ ስልክ ሕንድና አፍሪካ ገብቶ ተስፋ አሳይቶ ነበር። ዋትሳፕ ከ2018 ጀምሮ ገባለት፤ በ2024 አዲስ ተጠቃሚ መቀበሉን አቆመበት። ባንኩን አስገደድክ እንበል፤ ዋትሳፕን ማን ያስገድድልሃል?

የባንክ ሠራተኛዋ፣ ከሐይቅ ከተማ፦
እኔ መስኮት ላይ ነው የምሠራው። ገንዘቡ የተወሰደበት ሰው መጀመሪያ የሚጮኸው እኔ ላይ ነው፤ ስልኩን ማን እንደነካካው አይነግረኝም። ጠጋኙ በጎ ሰው ቢሆንም ሁሉም ጠጋኝ እንደ እሱ አይደለም። ባንክ የማያውቀውን ሥርዓት አስገብቶ ቢዘረፍ ማን ይከፍላል? የድረ ገጹን ነገር ግን እደግፋለሁ። መተግበሪያው እምቢ ባለ ቀን ሰልፉ እስከ በር ይደርሳል።

ስልክ ጠጋኙ፦
እህት ዓለም፣ ፍርሃትሽ ይገባኛል። በመሣሪያ ፋንታ የገንዘብ ጣሪያ ይወሰን፤ ባልታወቀ ስልክ ትንሽ ብቻ ይላክ። ድረ ገጹ ላይ ከተስማማን፣ መምህር፣ ማን ያስፈጽመው?

መምህሩ፦
ብሔራዊ ባንክ መመሪያ ቢያወጣ አልቃወምም። በሕግ ማስገደዱን ነው የተቃወምኩት።

ስልክ ጠጋኙ፦
መመሪያውን ያላከበረ ባንክ ይቀጣል አይደል? እኔስ ሌላ ምን አልኩ?