ከሻሽ ሥር የሚሆን የጆሮ መከላከያ ፍለጋ

ሰላም ለሁላችሁ። ኦቲዝም ያለባት ጎልማሳ እህቴ ሰኞ ሰኞ ከደሴ በኮምቦልቻ አድርጋ ባቲ ገበያ ትወርዳለች። ቦርሳዋ ውስጥ ጥቁር መነጽር፣ በጣቷ የምታንቀሳቅሰው መቁጠሪያ እና የናፍጣ ሽታ ሲበረታባት የምታሸተው፣ በጨርቅ የተቋጠረ ጤና አዳም አለ (ባዶ እጅ ላይ ታሽቶ ፀሐይ ካገኘው ቆዳ ስለሚያቃጥል ነው የሚቋጠረው)። እነዚህ በደንብ ይሠራሉ፤ በተለይ መቁጠሪያው፣ ማንም ዞር ብሎ ስለማያያት።

ያስቸገረን ጆሮዋ ነው፤ ጩኸት ይከብዳታል። የግንባታ ሠራተኞች የሚያደርጉት ጆሮ ሸፋኝ ከሻሽ በላይ ሲሆን ትራሱ ከቆዳዋ ጋር ስለማይገጥም ድምፅ ያስገባል፤ የመነጽሩ ዘንግም ሌላ ክፍተት ይፈጥራል። ከሻሹ ሥር ሲሆን ደግሞ በባቲ ሙቀት ያልባታል፣ ጆሮ ግንዷንም ይጫናታል።

የስፖንጅ መድፈኛውን በጣት አሽተን አቅጥነን፣ ጆሮዋን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርገን ከተን፣ እስኪነፋ 30 ሰከንድ ያህል ይዘን ሞክረናል። ጩኸቱን በደንብ ይዘጋል። ግን የራሷ ድምፅ ጭንቅላቷ ውስጥ ይጮህባታል፣ የባጃጅ ጥሩምባ ደብዝዞ ያልፋታል፤ ከደሴ እስከ ባቲ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁለት ስለሆነም መንገድ ላይ ጆሮዋን ይወጥራታል። ጥጥ የሚከለክለው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም።

ከሻሽ ሥር የሚቀመጥ፣ ጩኸቱን አለዝቦ ጥሩምባና የሰው ጥሪ ግን የሚያሰማ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ የሚገኝ ምን ዓይነት መከላከያ ታውቃላችሁ?