ጅማ ላይ ቤት ውስጥ ከባድ ስፖርት ለጀመረ ሰው፦ ምን ይያዝ፣ ምን ይተው?

ሰሞኑን አንዲት እህት እንዲህ ብላ ጠየቀችኝ። «ቆጪ አካባቢ አንድ ክፍል ተከራይቼ ነው የምኖረው። በስልኬ አንድ ከባድ የስፖርት ቪዲዮ አውርጄ ጀመርኩ። በሦስተኛው ቀን ደረጃ መውረድ አቃተኝ። ማቆም ግን አልፈልግም። ጂም ልመዝገብ? አሰልጣኝ ልያዝ? ወይስ ዕቃ ልግዛ?» ይህን የሚጠይቅ ሰው ብዙ ስለሆነ መልሱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው።

እኔ ዕቃውንም አገልግሎቱንም የማወዳድረው በአንድ ነገር ነው። ነገ ተመልሼ እንድሠራ ያደርገኛል ወይ? ድካም በነፃ ይገኛል። በሦስተኛው ሳምንት ጠዋት ተነስተሽ ጫማ እንድታስሪ የሚያደርግሽ ነገር ነው የሚጠፋው። ገንዘብም ጊዜም እዚያ ላይ ይዋል። ዋጋ አልጻፍኩም፤ ዛሬ የጻፍኩት በሚቀጥለው ወር አይሠራም።

ከቪዲዮው እንጀምር። ከከባዶቹ ብዙ ሰው የሚያውቀው ኢንሳኒቲን ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ የ60 ቀን ፕሮግራም ሲሆን በሳምንት 6 ቀን ያሠራል። ረጅም ጊዜ በሙሉ አቅም ትሠሪያለሽ፣ እረፍቱ አጭር ነው። ቀድሞ ለሚሮጥ ወይም ኳስ ለሚጫወት ሰው ጥሩ ፈተና ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ ተቀምጦ ለሚውል ጀማሪ ግን መሰላልን ከላይኛው እርከን እንደመጀመር ነው።

ታባታም እንደዚያው ነው። 20 ሰከንድ ሥራ፣ 10 ሰከንድ እረፍት፣ 8 ዙር። በጠቅላላ 4 ደቂቃ ስለሆነ ቀላል ይመስላል። ስሙን ያገኘበት የጃፓን ጥናት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1996 ነው። የተሞከረው ደግሞ ስፖርት በሚያጠኑ ወጣቶች ላይ፣ በብስክሌት፣ አቅማቸው እስኪሟጠጥ ድረስ ነበር። አንቺ አሁን 20 ሰከንድ ሥሪና 40 ሰከንድ እረፊ። እረፍቱን ቀስ በቀስ ማሳጠር ይቻላል።

ሁሉም የሚያማርረው በርፒ (ቁጭ ብሎ፣ እጅን መሬት ላይ አድርጎ፣ እግርን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ ተመልሶ መነሳት) ደግሞ ታሪኩ ደስ ይላል። አንድ አሜሪካዊ የፊዚዮሎጂ ባለሙያ በ1930ዎቹ የሰውን አቅም ለመለካት ያዘጋጀው ነው። ሰውየውን አራት ጊዜ ብቻ አሠርቶ የልብ ምቱን ይለካ ነበር። ዝላዩና ፑሽ አፑ በኋላ የተጨመሩ ናቸው። ስለዚህ ሳትዘይ፣ እግርሽን አንድ በአንድ ወደ ኋላ እየወሰድሽ ብትሠሪው ምንም አልጎደለብሽም።

የኔ ምርጫ ይኸው። ያወረድሽውን ቪዲዮ ከወደድሽው አትተይው። በሳምንት 3 ቀን አድርጊው። 25 ደቂቃ ሲሞላሽ አቁሚ፣ ቪዲዮው ቢቀጥልም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት ለአዋቂ ሰው ከበድ ያለ እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 75 ደቂቃ ይበቃል። ሦስት ጊዜ 25 ማለት እሱ ነው። ከዚያ ውስጥ ሁለቱ ቀን ላይ ጡንቻ የሚያጠነክሩትን፣ ማለትም ስኳት (ቁጭ ብድግ) እና ፑሽ አፕን ካስገባሽ የመመሪያውን ሁለቱንም ነጥብ አሟላሽ። ስትሠሪ አጭር ዓረፍተ ነገር መናገር ካቃተሽ ፍጥነትሽን ቀንሺ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ የተከራየ ሰው ዝላይ ያለበትን ቪዲዮ ቢተው ይሻለዋል። ኮንዶሚኒየም ላይ ያለሽ ከሆነ ከታች ያለው ጎረቤት በሁለተኛው ቀን ያንኳኳል። ግቢ ውስጥ ከሆነ ደግሞ አከራይሽ «ምን እየተደረገ ነው?» ማለታቸው አይቀርም። አስቀድመሽ ንገሪያቸው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ስፖርት እንደምትሠሪ ያወቁ እማማ፣ የቀረሽ ቀን «ዛሬስ ምነው?» ብለው የሚጠይቁሽ እሳቸው ይሆናሉ። ከየትኛውም የስልክ ማስታወሻ ይበልጣል።

ስለ ዳታም አንዴ። በየቀኑ ከዩቲዩብ በቀጥታ ማየት ኪስ ይጎዳል፤ ኔትወርኩም ሲቆራረጥ ሰውነት ይቀዘቅዛል። በሌሊት ፓኬጅ ሁለት ወይም ሦስት ቪዲዮ አውርጂና ስልክሽ ላይ አስቀምጪ። መብራት ቢጠፋም አያቆምሽም። ሁለት ሦስት ያልኩት በምክንያት ነው። ሃያ ቪዲዮ ያለው ሰው የሚሠራውን ሲመርጥ ሰዓቱ ያልፍበታል።

ደረጃ መውረድ ስላቃተሽ ጉዳይ። ያልለመደ ጡንቻ ሲሠራ ሕመሙ የሚበረታው ከ24 እስከ 72 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው። ጭንሽን ሁለቱንም ካመመሽ፣ ስትነኪውና ስትንቀሳቀሺ ብቻ ከተሰማሽ፣ የተለመደው ነው። በዚያን ቀን ቀስ ብለሽ በእግርሽ ሂጂ፤ ተኝቶ መዋል አይመከርም። መገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ፣ በአንድ በኩል ብቻ ያለ ወይም እብጠት ያለው ሕመም ግን ሌላ ነው። ሽንትሽ እንደ ኮካ ከጠቆረና ጡንቻሽ ክፉኛ ካበጠ አትጠብቂ፤ በቀጥታ ሐኪም ቤት ሂጂ። ከመጠን ያለፈ ልምምድ ጡንቻን ሲጎዳ ኩላሊትንም ሊጎዳ ይችላል። የደረት ሕመምና ራስ መሳትም እንዲሁ ቀጠሮ የሚይዙላቸው ነገሮች አይደሉም። ደም ግፊት፣ የልብ ችግር ወይም እርግዝና ያለባት ሴት ደግሞ ከመጀመሯ በፊት ሐኪም ታማክር።

ጂም ወይስ ቤት? ጂም መጥፎ አይደለም። ዕቃው አለ፣ ሰው አለ፣ ዝናብ አይገባም። ጅማ ላይ ግን ከማሽኑ ብዛት በፊት ርቀቱን እይ። ከቤትሽ በእግር አሥር ደቂቃ ከሆነ ተመዝገቢ። ባጃጅ የሚያስይዝሽ ከሆነ በሐምሌ ዝናብ መቅረትሽ አይቀርም። ከመክፈልሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። በቀን መክፈል ይቻላል? ለሴቶች የተለየ ሰዓት አለ? አሰልጣኙ ጀማሪን ቆሞ ያሳያል ወይስ ስልኩ ላይ ነው? ሦስተኛውን በአፍ አትጠይቂ፣ አንድ ቀን ገብተሽ እይ። ስቲም (የእንፋሎት ክፍል) አለን ለሚሉሽ ደግሞ፣ ስቲም ዘና ያደርጋል፣ የሚወጣው ግን ውሃ እንጂ ስብ አይደለም። ውሃ ስትጠጪ ኪሎው ይመለሳል። ለእሱ ብለሽ ጨምረሽ አትክፈይ።

አሰልጣኝን በተመለከተ ጅማ ዕድለኛ ናት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ሳይንስ ትምህርት ስላለው፣ የተመረቁም የሚማሩም ልጆች ከተማው ውስጥ አሉ። የወር ኮንትራት አትግቢ። ለሦስት ወይም ለአራት ጊዜ ብቻ ያዢና ስኳት፣ ፑሽ አፕ፣ ፕላንክ (በክንድና በእግር ጣት ተደግፎ ሰውነትን ቀጥ አድርጎ መቆየት) እና የማሟሟቂያ እንቅስቃሴ በትክክል እንዲያስተምርሽ አድርጊ። ከዚያ በወር አንዴ መጥቶ ቢያርምሽ ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን ስለ ጤናሽ ምንም ሳይጠይቅ እስክትወድቂ ድረስ የሚያሠራሽን ግን ሁለተኛ አትጥሪው። ጀማሪን ማድከም ችሎታ አይጠይቅም።

በነፃ የሚገኘው ደግሞ የጅሬን ዳገት ነው። ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን መንገድ ጠዋት በፈጣን እርምጃ መውጣት ልብን ከማንኛውም ቪዲዮ ባልተናነሰ ያሠራል፤ ሲወጣ ለጉልበትም ይቀላል። ጭን የሚያሳምመው ቁልቁለቱ ነው፣ ጡንቻው እየተለጠጠ ክብደት ስለሚይዝ። ስለዚህ ስትወርጂ ቀስ በይ፤ ካገኘሽ በባጃጅ ተመለሺ። ብቻሽን በጨለማ አትሂጂ። ክረምት ሲገባ ጭቃው አያስኬድም፤ ያኔ የቤቱ ልምምድ ዋናው ይሆናል። ሁለቱን በወቅት ማፈራረቅ ጅማ ለሚኖር ሰው የሚስማማ ይመስለኛል።

አሁን ወደ ዕቃ። እዚህ ላይ ነው ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው።

ከሁሉም በፊት ጫማ። ጅማ መርካቶ ላይ የሚሸጡትን ሰልባጅ ጫማዎች ለሚመርጥ ሰው ጥሩ ይገኛል። በእጅሽ እጠፊው። መታጠፍ ያለበት በጣቶቹ በኩል ነው፤ መሐሉ ላይ ከታጠፈ ተዪው። ሶሉን በአውራ ጣትሽ ተጫኚ፤ እንደ እንጨት ከደረቀ ዕድሜው አልቋል። ተረከዙ በአንድ በኩል የተበላ ከሆነም አትውሰጂ። ወደ ጎን መንቀሳቀስ ላለበት ቪዲዮ ሶሉ ሰፊና ዝቅ ያለ ይሻላል፤ ወፍራሙ የሩጫ ጫማ ቁርጭምጭሚት ያጣምማል። የአዲሱ አስመሳይ ብራንድ ዋጋ ከጥሩ ሰልባጅ ከበለጠ እኔ ሰልባጁን እመርጣለሁ።

ምንጣፍ። ሰሌን በሲሚንቶ ወለል ላይ ይንሸራተታል፣ ለጉልበትም ይጎረብጣል። ከፍራሽ ቤት የሚቆረጥ ስፖንጅ ለሆድ ልምምድ ደስ ይላል፣ ቆመሽ ስትሠሪበት ግን እግር ያወላግዳል። የዮጋ ምንጣፍ ካገኘሽ ወፈር ያለውን ውሰጂ። ካላገኘሽ ከታች ጎማ ያለው የወለል ምንጣፍ ቁራጭ ሥራውን ይሠራል።

ክብደት። መጀመሪያ አትግዢ። ውሃ የሞላ ባለ 2 ሊትር ሃይላንድ 2 ኪሎ ነው። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን 5 ኪሎ፤ አሸዋ ብትሞይው ደግሞ ከዚያ በላይ ይመዝናል። መያዣ ስላለው ለስኳትም ለትከሻም ይሆናል። ሰፈር ውስጥ በቆርቆሮና በሲሚንቶ የሚሠራው ዳምቤል ርካሽ ነው፣ ግን ሁለቱ ጎን እኩል መሆኑን ሳትመዝኚ አትግዢ። የብረቱ ውድ ነው፤ ግን ባትፈልጊው ተመልሶ ይሸጣል። ሦስት ወር ከቀጠልሽ የብረቱን ግዢ።

የጅማ በርጩማ ቤትሽ አለ መቼም። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የሚሠራው ባለ ሦስት እግሩ ለስኳት መማሪያ ከእሱ የሚሻል የለም። ቀስ ብለሽ ወደሱ ተቀመጪ፣ እጅ ሳትጠቀሚ ተነሺ። ይኸው ነው ስኳት። ግን እንዳትወጪበት! ባለ ሦስት እግር ጠርዙ ላይ ሲረገጥ ይገለበጣል። መውጫና መውረጃ ከፈለግሽ አናጢ ጋ ሂጂና ቁመቱ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነ፣ ከታች ሰፋ ያለ ሳጥን አሠሪ። ጅማ በእንጨት ሥራ የታወቀች ናት፤ በቁርጥራጭ እንጨት በርካሽ ይሠሩልሻል። ላይኛው ፊቱ ላይ የጎማ ቁራጭ ካስመታሽ አያንሸራትትም።

ለጀርባና ለክንድ የሚሳብ ላስቲክ ከጎሚስታ ቤት ይገኛል። ያረጀ የብስክሌት የውስጥ ጎማ ለምኝና በደንብ እጠቢው። ስንጥቅ እንደሌለው ሁልጊዜ እይ፤ ተበጥሶ ዓይን ይመታል። መዝለያ ገመድ ለጊዜው ይቆይ።

ምግብ ላይ አጭር ልበል። የፕሮቲን ዱቄት ለጀማሪ አያስፈልግም። በዚያው ብር እንቁላል ግዢ። በጾም ጊዜ ምስር፣ ሽምብራ፣ ባቄላና ለውዝ አለ፤ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ስለሆነ ለዚያን ጊዜ አስቀድመሽ አስቢበት። ከልምምድ በፊት ሙዝ ወይም በሶ በማር፣ በኋላ ደግሞ የተለመደው ምግብሽ። አቮካዶ ጅማ ላይ ስለሚትረፈረፍ አላወራም። ቡና ከመሥራትሽ ግማሽ ሰዓት ወይም አንድ ሰዓት በፊት ከጠጣሽው ጉልበት ይሰጣል፣ ይሄ በጥናት የታወቀ ነው፤ እንቅልፍ እንዳይነሳሽ ግን ለማታ ልምምድ አይሁን። ረመዳን ላይ ያለ ሰው ከባዱን ልምምድ ከኢፍጣር አንድ ሁለት ሰዓት በኋላ ያድርገው፣ ከመግሪብ በፊት ከሆነ ቀለል ያለ ብቻ።

ለመለካት ደግሞ ሚዛን አትግዢ። መንገድ ዳር ሚዛን ይዘው የሚቀመጡት ልጆች ይበቃሉ፤ ዋናው ሁልጊዜ አንዱ ልጅ ጋ፣ በተመሳሳይ ሰዓት መመዘን ነው። የልብስ ሰፊ ሜትር ደግሞ ከሚዛን በላይ እውነቱን ይነግርሻል። በወር አንዴ ወገብሽን ለኪ።

የቀረሽ ቀን ተስፋ እንዳትቆርጪ። እ.ኤ.አ. በ2009 የለንደን ተመራማሪዎች 96 ሰዎችን ተከታትለው አንድ ልማድ ሳይታሰብ እስኪሠራ በአማካይ 66 ቀን እንደሚወስድ አይተዋል። ከ18 ቀን ጀምሮ ከ250 ቀን በላይ የሚፈጅበት ሰው አለ። አንድ ቀን መዝለል ግን ልማዱን አላፈረሰውም። ስለዚህ የ60 ቀኑ ቪዲዮ ሲያልቅ አንቺ ገና መሐል ላይ ልትሆኚ ትችያለሽ፤ ችግር የለውም።

በቅደም ተከተል ንገሪኝ ካልሽ፦ ጫማ፣ ሁለት የወረዱ ቪዲዮዎች፣ አብራሽ የምትሠራ አንዲት ጎረቤት፣ ከዚያ አሰልጣኝ ለጥቂት ቀን። ሌላው ይደርሳል። ቀኑን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አድርጊው። ሐሙስ ገበያ የምትወጪ ከሆነ ወደ ረቡዕ አታምጪው፣ ጡንቻሽ ስለማያርፍ፤ ቅዳሜን ወደ እሑድ ገፍተሽ የሐሙሱን አርብ ሥሪ።