እናቴ የኬሞ ቀን ሲደርስ እንቅልፍ አጣች፤ ማይንድፉልነስ ይረዳታል?

የእማዬ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ የጡት ካንሰር ታማ ኬሞ እየወሰደች ነው። ማቅለሽለሹም ፀጉሯ መርገፉም አለ፣ ግን ከሁሉ የጎዳት ጭንቀቱ ነው። ዋዜማው ላይ እንቅልፍ የሚባል በዓይኗ አይዞርም፤ ሌሊት ስነሳ ጋቢዋን ተከናንባ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ነው የማገኛት። ዘመድ ይመጣና "አይዞሽ፣ አታስቢ" ይላታል። እሺ ትላለች። ሲወጡ ታለቅሳለች። ጓደኛዬ ማይንድፉልነስ የሚሉት ነገር ለካንሰር ታማሚ ጥሩ ነው አለችኝ። እውነት ነው? እማዬ አጥባቂ ኦርቶዶክስ ናት፣ "ይሄ ደግሞ የማን አምልኮ ነው?" እንዳትለኝ ፈርቻለሁ። የምታውቁ በናታችሁ ንገሩኝ።

ኦንኮሎጂ ነርስ፦
እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ማይንድፉልነስ ማለት ሐሳብን አሁን ባለው ነገር ላይ፣ ለምሳሌ ትንፋሽ ላይ፣ ማሳረፍና ሲሄድም ሳይቆጡ መመለስን መለማመድ ነው። ይረዳል። ዕጢውን ግን አያጠፋም፣ ኬሞውንም አይተካም፤ የሚያግዘው ጭንቀቱንና ድብርቱን ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት ዚን የሚባል ሰው አሜሪካ፣ ማሳቹሴትስ ውስጥ የጀመረው የ8 ሳምንት ሥልጠና ነው። በኋላ ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ ለካንሰር ታማሚዎች እንዲሆን አድርገው አዘጋጁት። የአሜሪካ የካንሰር ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 ባወጣው መመሪያ ሕክምና ላይ ላሉትም ለጨረሱትም ይመክረዋል።

አንድ ነገር ግን ቶሎ አጣሪ። ትውከት ወይም አለርጂ እንዳይነሳ የሚሰጠው ዴክሳሜታሶን ራሱ እንቅልፍ ይነሳል፣ አንዳንዱ ኬሞ ላይ ደግሞ ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ነው የሚወሰደው። እናትሽ እሱን እየወሰደች ከሆነ ሰዓቱ ይቀየር እንደሆነ ሐኪሟን ጠይቂ። በራሳችሁ ግን እንዳትነኩት።

ከሊምፎማ ጋር፦
እኔም የሊምፎማ፣ ማለትም የሊምፍ ካንሰር ታማሚ ነኝ፣ ከራሴ ልንገርሽ። ትንፋሽሽን ተከተዪ ሲሉኝ ባሰብኝ፣ ደረቴ ላይ ስለነበር ሕመሙ ትንፋሼን ባሰብኩ ቁጥር እሱ ነው የሚመጣብኝ። ስለዚህ እግሬን ያዝኩ። ኬሞው ጠብ ጠብ ሲል ጫማዬን አወልቅና ወለሉን በእግሬ መዳፍ እሰማዋለሁ፣ ቅዝቃዜውን፣ ተረከዜን፣ ጣቶቼን። ሐሳቤ ወደ ልጆቼ ይሮጣል። አልቆጣውም፣ ቀስ ብዬ ወደ እግሬ እመልሰዋለሁ። ፍርሃቱ ሲመጣም አላባርረውም፤ ጉሮሮዬ ላይ ነው ወይስ ሆዴ ላይ ብዬ እፈልገዋለሁ። አይጠፋም፣ ግን ይላላል። ሦስት ደቂቃ ይበቃል፣ ብዙ አታስጨንቂያት።

እና እባክሽ "አታስቢ" የሚሏትን አስቁሚ። ታማሚን እንደሱ ብቸኛ የሚያደርግ ቃል የለም። "ፈራሽ እማ?" በያትና ዝም ብለሽ ስሚያት።

ዲያቆኑ፦
ስለ አምልኮው አትጨነቂ። መቁጠሪያዋን ትያዝና 41 ኪርያላይሶኗን ሳትቸኩል ትበል፣ እያንዳንዱን ቋጠሮ በጣቷ እየዳሰሰች። ሐሳቧ ሲሄድ ወደ ቋጠሮው ትመለስ። ቀልቧን የምትሰበስበው በምታውቀው ነገር ነው። ለንስሐ አባቷም ንገሪያቸው፣ አብረዋት ቢጸልዩ ደስ ይላታል። ጸበል ከፈለገች ትጠመቅ፣ ግን ስለ ቁስሏና ስለ ጾሟ ሐኪሟን አማክሩ፣ የኬሞ ቀኗ እንዳያልፍ ደግሞ አደራ።

የእማዬ ልጅ፦
ተባረኩልኝ። መድኃኒቱን አየሁት፣ እውነትም ዴክሳሜታሶን የሚባል ማታ ማታ ትወስዳለች! ነገ እጠይቃለሁ። የመቁጠሪያው ነገር ደግሞ ሳልጨርስ ነው "እሱማ የኔው ነው" ያለችኝ።

ኦንኮሎጂ ነርስ፦
ጎሽ። ምግብ እምቢ ካለች፣ ሳምንታት ሙሉ ምንም ነገር ደስ ካላላት ለሐኪሟ ንገሪ፣ ድብርት መድኃኒትም የምክር ሕክምናም አለው። "ብሞት ይሻለኛል" ካለች ግን ቀጠሮ አትጠብቂ፣ ብቻዋን አትተያት፣ የዚያኑ ቀን ይዘሻት ሂጂ።