ጥቆማ፦ የደንበኛ ምስጢር በኢሜይል ለሚልኩ የደሴና የኮምቦልቻ ቢሮዎች

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ አነስተኛ የሂሳብ ሥራ ቢሮ አለኝ። የደንበኞቼን የደመወዝ መክፈያ ሰነድ፣ የባንክ ሂሳብ መግለጫና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር በየወሩ በኢሜይል እልካለሁ። አንድ ባለሙያ በየዓመቱ በዶላር የሚከፈልበት የተመሰጠረ ኢሜይል ካልገዛሽ ዋጋ የለውም አለኝ። እውነት ነው? እናንተ ምን ትጠቀማላችሁ?

መልስ፦ አብሽሪ እህቴ፣ ሳትከፍዪም ይሆናል። ብቻ ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ለዪ፤ ሰነዱን የሚቀበለው ማን ነው? የሚከፍተውስ በምን ነው? እኔ ምርጫውን የምጀምረው ከላኪው ሳይሆን ከተቀባዩ ነው። አንቺ የፈለግሽውን ያህል ብትዘጋጂ፣ ደንበኛው በስልኩ መክፈት ካቃተው «በቴሌግራም ላኪልኝ» ይልሻል። ያኔ ልፋትሽ ሁሉ ውኃ በላው ማለት ነው። ተራው የቴሌግራም ውይይት ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ፣ ማለትም ከላኪና ከተቀባይ በቀር ኩባንያው እንኳ የማያነበው፣ አይደለም። ምስጢራዊ ውይይት የሚባለው ለብቻው ነው፤ በዊንዶውስ ኮምፒውተር በምንጠቀምበት ቴሌግራም ላይ ደግሞ እሱ የለም።

ብዙዎቻችን የምንጠቀምበት ጂሜይል መጥፎ አይደለም። መልእክቱ ከሰርቨር ወደ ሰርቨር ሲጓዝ አብዛኛውን ጊዜ ተመስጥሮ ነው። ቁልፉ ግን በኩባንያው እጅ ነው፤ የሳጥንሽን የይለፍ ቃል ያገኘ ሰውም የዓመታት ደብዳቤሽን እንዳለ ያነበዋል። በ2018 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የመጣው የጂሜይል ምስጢራዊ መላኪያም ተቀባዩ መልእክቱን እንዳያስተላልፍና እንዳያትም ይከለክላል እንጂ ከጫፍ እስከ ጫፍ ምስጠራ አይደለም። ተቀባዩ በሌላ ስልክ ስክሪኑን ፎቶ ቢያነሳው የሚያግደው ነገር የለም።

ለአንቺ ሥራ የመጀመሪያ ጥቆማዬ ፕሮቶን ሜይል የተባለው የተመሰጠረ የኢሜይል አገልግሎት ነው። በ2014 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሰርን በተባለው የጄኔቫ የምርምር ማዕከል በተገናኙ ሳይንቲስቶች ተመሠረተ፤ ኩባንያው የስዊዘርላንድ ነው። ሁለታችሁም ፕሮቶን ካላችሁ ምስጠራው ማንም ሳይነካው ይሠራል። ተቀባዩ ፕሮቶን ከሌለው ከመላክሽ በፊት የቁልፍ ምልክቷን ተጭነሽ ለዚያ መልእክት ብቻ የይለፍ ቃል ትሰጪዋለሽ። እሱ በጂሜይሉ ሊንክ ይደርሰዋል፣ ይከፍታል፣ ቃሉን ያስገባል፣ ያነባል። መልስ መጻፍም የሚችለው እዚያው ነው። ምንም አይጭንም፣ ምንም አይመዘገብም። መልእክቱ አንቺ ካልቀየርሽው በቀር በ28 ቀን ውስጥ ይጠፋል፤ ስለዚህ ተቀባዩ ሰነዱን ቶሎ እንዲያወርደው ንገሪው። በነጻው ሂሳብ በቀን እስከ 150 መልእክት መላክ ይቻላል፤ ለአንድ ትንሽ ቢሮ ከበቂ በላይ ነው።

አንድ ነገር ግን አጥብቄ ልንገርሽ። የፕሮቶን የርዕስ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ አይመሰጠርም። የድርጅቱን ስም ከደመወዝ ዝርዝር ጋር ወይም የታካሚን ስም ከምርመራ ውጤት ጋር ርዕሱ ላይ መጻፍ ደብዳቤውን አሽጎ ምስጢሩን ፖስታው ላይ እንደመጻፍ ነው። «የወሩ ሰነድ» ብለሽ እለፊው።

ቱታ የተባለው የጀርመን የኢሜይል አገልግሎት ርዕሱንም ይመሰጥራል፤ በዚህ ይበልጣል። ነጻው ሂሳብ ግን ለግል ጥቅም ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ስድስት ወር ካልገቡበትም ይሰረዛል። ለቢሮ ከሆነ መክፈል ግድ ነው፣ ክፍያውም በውጭ ምንዛሪ ነው። አቅሙና ካርዱ ላለው እንጂ ለጀማሪ አልመክረውም።

ኢሜይላቸውን መቀየር ለማይፈልጉ ሁለተኛው ጥቆማዬ ፋይል አሽጎ በይለፍ ቃል የሚቆልፈው ሰቨን ዚፕ (7-Zip) የተባለ የኮምፒውተር ፕሮግራም ነው። ነጻ ነው፣ አንዴ ከጫንሽው በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም፣ በአሮጌ ላፕቶፕም ይሠራል። ፋይሉን በቀኝ ጠቅ አድርገሽ ወደ ማኅደር መጨመሪያው (Add to archive) ስትገቢ የፋይሉን ቅርጽ ዚፕ (zip) ሳይሆን ሰቨን ዜድ (7z) አድርጊው። ከታች በስተቀኝ የይለፍ ቃል ማስገቢያ አለ፤ ከሥሩ የፋይል ስሞችን ጭምር የሚመሰጥር ትንሽ ሳጥን አለችና እሷን ምልክት ማድረግ እንዳትረሺ። ካለዚያ ይዘቱ ተቆልፎ «የሠራተኞች ደመወዝ» የሚለው ስም ለሁሉም ይታያል። ዚፕ የሚለውን ከመረጥሽ ደግሞ ፕሮግራሙ በራሱ የሚወስደው ደካማውን የድሮ መቆለፊያ ነው። ተቀባዩ በአንድሮይድ ስልክ ሲሆን ዛርካይቨር የተባለው ነጻ መተግበሪያ ይከፍትለታል።

የይለፍ ቃሉ ጉዳይ እዚህ ከሌላው ቦታ ይበልጥ ይከብዳል። ባንክ ሦስት ጊዜ ሲሳሳቱበት ይዘጋል፤ የተቆለፈ ፋይል ግን እጁ የገባ ሰው ቀንና ሌሊት በኮምፒውተር ቢሞክርበት የሚከለክለው የለም። ስልክ ቁጥር፣ የልደት ዓመት፣ የግብር ከፋይ ቁጥር አይሆንም። እርስ በርስ የማይገናኙ አራት ወይም አምስት ቃላት ደርድሪ። ቃሉንም በዚያው ኢሜይል አትላኪ፤ ደውለሽ በድምፅ ንገሪው። ከአንድ ድርጅት ጋር በየወሩ የምትሠሪ ከሆነ አንዴ በአካል ተገናኝታችሁ ብትስማሙ ይሻላል።

ዋና መሥሪያ ቤቱ አዲስ አበባ፣ ቅርንጫፉ ኮምቦልቻ ደረቅ ወደብ አካባቢ ለሆነ የትራንዚት ድርጅት ግን የምጠቁመው ተንደርበርድ የተባለውን የኮምፒውተር ኢሜይል ፕሮግራም ነው። ከ2020 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ወዲህ፣ ከቁጥር 78 ጀምሮ፣ ኦፕን ፒጂፒ የተባለው ከጫፍ እስከ ጫፍ የኢሜይል ምስጠራ አብሮት ይመጣል። ሁለቱም ወገን አንዴ ቁልፍ ከተለዋወጡ በኋላ ያለ ሐሳብ ይሠራሉ። ኔትወርክ በጠፋ ሰዓትም ደብዳቤውን ጽፎ ማስቀመጥና ሲመለስ መላክ ይቻላል፤ ለእኛ አካባቢ ይህ ትልቅ ነገር ነው። ግን ለብዙ ተራ ደንበኞች አይሆንም፤ ቁልፍ ምን እንደሆነ ለእያንዳንዱ ስታስረጂ ትከርሚያለሽ።

የአገር ውስጡን በተመለከተ፦ ከኢትዮ ቴሌኮም የዶሜይን ስምና ሆስቲንግ ወስዶ በድርጅት ስም ኢሜይል መክፈት ጥሩ ነው፣ ለደንበኛም እምነት ይሰጣል። የራስ ስም ያለው አድራሻ መያዝ ብቻውን ግን ምስጠራ አይደለም፤ ፋይሉን ያው በሰቨን ዚፕ መቆለፍ አይቀርም። ደሴ ፒያሳ አካባቢ ያሉ የኮምፒውተር ባለሙያዎች ይህን ሁሉ ሊጭኑልሽ ይችላሉ። ይጫኑ፤ የይለፍ ቃሉን ግን ራስሽ አስገቢ።

ጥያቄ፣ ከደሴ፦ ሠራተኛ ወደ ዓረብ አገር በሚልክ ኤጀንሲ ውስጥ እሠራለሁ። ፓስፖርትና የሕክምና ውጤት ስካን የምናስደርገው ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። ከዚያ ወዲያ ያለውን ብንቆልፈው ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃም ወንድሜ፣ የሚያሳስበኝም ይኸው ነው። ፎቶ ኮፒ ቤት በቴሌግራም የተላከ ፋይል በኮምፒውተሩ ማውረጃ ፎልደር ውስጥ ቴሌግራም ዴስክቶፕ በሚል ስም ይከማቻል። አንዱ ሊያሳትም ሲገባ የሌላዋ ፓስፖርት፣ የደም ምርመራ ውጤት፣ የአባት ስልክ ከፊቱ ተደርድሮ ያያል። የልጆቹ እንጀራም ክብራቸውም ያለው በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ነው። ለቢሮው ስካነር ያለው ፕሪንተር ግዙ፤ ከማንኛውም የኢሜይል አገልግሎት በፊት ገንዘብ የሚወጣበት እሱ ነው። ከዚያ በፕሮቶን በይለፍ ቃል ላኩ፣ ቃሉን ለተቀባዩ በዋትስአፕ ጥሪ ንገሩት፤ የዋትስአፕ ጥሪ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተመሰጠረ ነው። ተቀባዩ ማውረዱን ካረጋገጠ በኋላ ከላካችሁት ሳጥንም ሰርዙት።

ይህ የበጎነት ጉዳይ ብቻ አለመሆኑንም ለአለቃህ ንገረው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ተቆጣጣሪውም የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። የጤና መረጃ በአዋጁ ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት ይመደባል።

ጥያቄ፣ ከኮምቦልቻ፦ ኢንተርኔት ጨርሶ ሲጠፋስ?

መልስ፦ በእኛ አቆጣጠር በ2014 ጦርነቱ ከተሞቻችንን ሲመታ ያለፈ ሰው ይህን መጠየቁ ተገቢ ነው። በሰቨን ዚፕ የተቆለፈውን ፋይል በፍላሽ አድርገሽ ከኮምቦልቻ ደሴ መላክ ትችያለሽ፤ ፍላሹ መንገድ ላይ ቢጠፋም ሰነዱ አይነበብም። ብዙ ፋይል ከሆነ ፍላሹን ሙሉ በሙሉ ቬራክሪፕት በተባለው ፕሮግራም ቆልፊው፤ እሱም ነጻ ነው። የፕሮቶንን የመልሶ ማግኛ ሐረግ፣ ማለትም የይለፍ ቃል ሲረሳ ሂሳቡን ከነመልእክቶቹ የሚመልሱትን ቃላት፣ ደግሞ ሂሳቡን በከፈትሽበት ዕለት ወረቀት ላይ ጽፈሽ ከንግድ ፈቃድሽ ጋር አስቀምጪ። የይለፍ ቃልሽን ረስተሽ ያለ እሱ ብትቀይሪው አዲስ መልእክት ይገባልሻል፤ የድሮዎቹን ግን ኩባንያው ራሱም ሊከፍትልሽ አይችልም።