የአያቴ የእጅ ሲንጀር የስፌት መኪና ደርቃ ቀርታለች፤ ቦቢኗም ክብ አይደለም፤ እንዴት ላድናት?

የጦሳ ልጅ፣ ደሴ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። አያቴ ባቲ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሰኞ የገበያ ቀን ስለሆነ በጠዋት መኪናቸውን ተሸክመው ወደ ገበያው ይወጡ ነበር፤ ከገጠር የመጣ ሰው ጠዋት ተለክቶ ማታ አዲስ ሱሪ ለብሶ ይመለስ ነበር ይላል አባቴ። ካረፉ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። ባለፈው ወር ቤታቸውን ስናጸዳ መኪናዋን ከጎተራው ጀርባ በጆንያ ተጠቅልላ አገኘኋት። አጎቴ ለቆራሌው ሊሰጣት አውጥቷት ነበር፤ ለምኜው ይዣት ደሴ መጣሁ።

በእጅ የምትዞር፣ የእንጨት መቀመጫ ያላት ጥቁር መኪና ናት። ክንዷ ላይ በወርቅማ ቀለም የተጻፈው «ሲንጀር» ግማሹ ይነበባል፤ ዙሪያውን ደግሞ እንደ ብራና መጽሐፍ ሐረግ የተጠላለፈ ቅጠልና አበባ አለ። በቀኝ በኩል ወለሏ ላይ «ዋይ» የሚባለው የላቲን ፊደልና ሰባት አሃዝ ተቀርጾባታል።

ችግሩ ሁለት ነው። መዘውሯ ንቅንቅ አይልም። ደግሞ ከመርፌው አጠገብ ያለውን ክዳን ወደ ጎን ስገፋው ክብ ቦቢን (የታችኛው ክር የሚጠመጠምበት) የለም፤ አንድ ጫፏ እንደ ጥይት የሾለ፣ ውስጧ ባዶ የሆነ ብረት ወጣች። ውስጧ ከእርሳስ የቀጠነ፣ ጣት የማይሞላ ማጠንጠኛ አለ፤ የአያቴ ነጭ ክር እስካሁን ተጠምጥሞበታል። ሁለት ጠጋኞች አይተው «መለዋወጫ የላትም፣ ለጌጥ አስቀምጫት» አሉኝ። እኔ ግን ልሰፋባት ነው የምፈልገው። የሚያውቅ ካለ እባካችሁ።

ሰፊው፣ ኮምቦልቻ

አብሽሪ እህቴ፣ መኪናሽ አልሞተችም። አርባ ዓመት ስሰፋ እንዲህ ያለች ሦስት ብቻ ነው ያየሁት፤ ስለዚህ ጠጋኞቹ ባያውቋት አይግረምሽ።

ያቺ የሾለች ብረት ከክቡ ቦቢን በፊት የነበረ አሠራር ናት። ሸማኔ ሲሠራ አይተሽ ከሆነ ወዲያው ይገባሻል። ሸማኔው መወርወሪያውን በድሩ መሃል አሳልፎ ማጉን እንደሚያስገባ ሁሉ፣ እሷም ከሥር ወዲያና ወዲህ እየተወዛወዘች መርፌው ያወረደውን የክር ቀለበት ሰንጥቃ ታልፋለች። ውስጧ ያለው ቀጭን ማጠንጠኛ የሸማኔው ቀሰም ማለት ነው። መወርወሪያዋ፣ ያቺ የሾለችው ብረት፣ በምንም ምክንያት እንዳትጠፋብሽ። ሌላው ሁሉ ይጠገናል፤ እሷ ከጠፋች ግን መኪናዋ አትሰፋም።

ሲንጀር ይህን ዓይነት በሁለት መጠን ሠርቶታል፤ ትልቁ 27፣ የእሱን ሦስት አራተኛ የሚያህለው ደግሞ 28 ይባላል። በኋላ ተሻሽለው የወጡት 127 እና 128 ናቸው። አያትሽ ተሸክመዋት ገበያ ይወጡ ከነበረ 28 ወይም 128 ትመስለኛለች። ማጠንጠኛዋ ላይ ክር የሚጠመጥመው መሣሪያ ከመዘውሩ ሥር ዝቅ ብሎ ወለሉ አጠገብ ካለ 28 ናት፤ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ 128። «ዋይ» የሚለው ፊደል ስኮትላንድ ውስጥ ክላይድባንክ በነበረው ፋብሪካ ከ1920ዎቹ መጀመሪያ እስከ 1935 እ.ኤ.አ. ለተመረቱት የተሰጠ ነው። ከማይጨው ጦርነት በፊት የተሠራች መኪና ይዘሻል ማለት ነው። ፋብሪካው ራሱ በ1980 እ.ኤ.አ. ተዘግቷል።

የወልድያ እናት

ልጄ፣ መዘውሩን በጉልበት እንዳትታገይው። የእኔም እንዲሁ ደርቃ ነበር፤ ስንከፍታት ዝገት የለባትም። የያዛት የኑግ ዘይት ነበር። የስፌት መኪና ዘይት ሲጠፋ ከጓዳ የኑግ ዘይት እያመጣን እናጠጣት ነበር፤ እኛ ያለሰለስናት መስሎን። የኑግ ዘይት አየር ሲነካው ቀስ እያለ ይደርቃል፤ የተልባም እንደዚያው ነው። ዓመታት ሲያልፉ ቡናማ ሙጫ ይሆናል። መኪናዋን ወደ ኋላ ገልብጠሽ ከሥር ተመልከቺ፤ ብረቶቹ በሚጋጠሙበት ቦታ በጥፍርሽ ስትፍቂው እንደ ደረቀ ዕጣን የሚፈረፈር ነገር ካለ ሕመሟ እሱ ነው።

መድኃኒቱ ነጭ ጋዝ ነው። በሐኪም ቤት መርፌ ስበሽ ዘይት ማጠጫ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ላይ፣ ከሥርም ብረት ብረትን በሚነካበት ሁሉ ጠብ ጠብ አድርጊበትና አሳድሪው። ጠዋት መዘውሩን ወደፊትም ወደኋላም በቀስታ ሞክሪው። የጣት ውፍረት ያህል ከተንቀሳቀሰ ድነሻል፤ እንደገና አጠጪና አሳድሪ። የእኔ አምስት ቀን ፈጅቶባታል። ቡና የምታፈዪበት ከሰል አጠገብ ግን አደራ፣ ደጅ ወይም በረንዳ ላይ ሥሪው።

ወጣቱ መካኒክ፣ ከሚሴ

በፀጉር ማድረቂያም ሙጫው ይለሰልሳል። እኔ ብሆን ደግሞ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት አጽድቼ፣ በአልኮል ጠርጌ፣ ጥቁር ቀለም እረጭባት ነበር። አዲስ ትመስላለች።

ሰፊው፣ ኮምቦልቻ

ወንድሜ፣ ስለ ሙቀቱ እውነትህን ነው፤ ግን ነጭ ጋዝ ከነካት በኋላ ማሞቂያ አይቀርባትም፣ እሳት ነው። ማሞቅ ከፈለገች ጋዙን ከማጠጣቷ በፊት ታሙቅ።

ቀለሙን በተመለከተ ግን እባክህን እንዲህ ያለ ምክር አትስጥ። ጥቁሩ ቀለምና ወርቁ ሐረግ ላይ ያለው ልባስ ሼላክ የሚባል ሙጫ ነው፤ አልኮል ሲነካው ይሟሟል። አንድ ጊዜ በአልኮል የጠረግኩት ወርቅ ከጨርቁ ጋር ወጥቶ ዓይኔ እያየ ጠፍቷል፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። የብርጭቆ ወረቀትም ሐረጉን በአንድ ፍቅፈቃ ይወስደዋል። የውጭውን አካል አሮጌ ከነቴራ በስፌት መኪና ዘይት እያራስሽ እሺ እስኪል መጥረግ ብቻ ነው። ነጭ ጋዙም ወደ ወርቁ እንዳይፈስ ተጠንቀቂ። የኒኬል ክዳኖቹ ላይ ያለው ዝገት በዘይትና በቀጭን የብረት ሱፍ ቀስ ተብሎ ሊታሽ ይችላል፤ ጥቁሩ አካል ላይ ግን በጭራሽ።

ጋዙ የሚያጥብ እንጂ የሚያለሰልስ አይደለም። መዘውሩ ከተፈታ በኋላ ጋዙን አድርቀሽ በያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት የግድ ነው።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

እናቴ፣ እድሜ ይስጥልኝ! እንዳሉት ነው፤ ከሥሯ ገልብጬ ስፍቀው እንደ ዕጣን ተፈረፈረ። ክር መጠምጠሚያው ዝቅ ብሎ ያለው ነው፣ ስለዚህ 28 ናት። በአራተኛው ቀን ጠዋት መዘውሩ ዞረ፤ ከደስታዬ ብዛት ጎረቤት ጠራሁ። አሁን ግን ሌላ ነገር መጣ፤ ለማጽዳት ብዬ መዘውሩን አውጥቼ መለስኩት፣ እሱ ይዞራል፣ መርፌው ግን ቆሟል። ሰበርኳት እንዴ?

ሰፊው፣ ኮምቦልቻ

አልሰበርሻትም። መዘውሩ መሃል ያለችው ትልቅ ክብ ቁልፍ ስትላላ መርፌውን ትለቃለች፤ ክር ሲጠመጠም መርፌው እንዲያርፍ ተብሎ ነው የተሠራችው። ከሥሯ ትንንሽ ጆሮዎች ያሏት ቀለበት አለች። እሷ ተገልብጣ ከገባች ቁልፏ ብትጠብቅም አትይዝም። ቁልፏ ጠርዝ ላይ ያለችውን ትንሽ ብሎን በካቻቢቴ ላላ አድርጊ፣ ቁልፏን ፍቺ፣ ቀለበቷን ግማሽ ዙር አዙረሽ መልሺና አጥብቂ። አሁንም ካልያዘ ገጿን ገልብጪው።

መርፌውን ራስሽ ግዢ፤ ጠጋኞቹ መለዋወጫ የላትም ያሉሽ ለዚህ አይሠራም። ገበያ ላይ ለቤት መኪና የሚሸጠው፣ አናቱ በአንድ በኩል ጠፍጣፋ የሆነው መርፌ ይገባላታል፤ የቢራቢሮ የቤት መኪና የሚጠቀመው ማለት ነው። አናቱ ሙሉ ክብ የሆነው የፋብሪካ መኪና መርፌ ነው፣ እሱን አትግዢ። ለተራ ጨርቅ 14 ቁጥር በቂ ነው። ጠፍጣፋው ጎን መወርወሪያዋ ወደምትመላለስበት ይዙር፤ ክሩ የሚገባው ረጅሙ ቦይ ካለበት በኩል ነው። ተገልብጦ ከገባ መኪናዋ ስፌት ትዘላለች፣ ሰው ደግሞ ተበላሸች ይላል።

የጦሳ ልጅ (ጠያቂ)

ቀለበቷ ነበረች ጋሼ! አዙሬ ስመልሳት መርፌው ወረደ። ትናንት ማታ በቁራጭ አቡጀዲ ላይ አንድ ክንድ ያህል ሰፋሁ። ከላይ ቀጥ ያለ፣ ደቃቅ፣ የሚያምር ስፌት ነው፤ ከሥር ግን ክሩ እንደ ፀጉር ይቆላለፋል። አንድ ነገር ደግሞ አስጨንቆኛል። ማጠንጠኛዋ አንድ ብቻ ስለሆነች የአያቴን ክር ልፈታው ነው፤ እጄ እምቢ አለኝ። በእሱ ክር ብሰፋስ?

የወልድያ እናት

የአያትሽን ክር አትፍቺው ልጄ። ለመስፋትም አይሆንም፤ የጥጥ ክር ሲያረጅ ጥንካሬውን ያጣል፣ እየተበጠሰ ያናድድሻል። እንዳለ አስቀምጪው።

ከሥር መቆላለፉ አብዛኛውን ጊዜ የላዩ ክር ስለላላ ነው፤ ሰው ግን የታችኛውን ይነካካል። ጨርቁን የሚጫነውን እግር ከፍ አድርገሽ የላዩን ክር እንደገና አስገቢ፤ ክሩ በሚያጠብቁት ሁለት ትንንሽ ሳህኖች መሃል መግባቱን እይ፣ ከዚያ ሳህኖቹን ጥቂት አጥብቂ። መወርወሪያዋ ላይ ያለችውን ብሎን የመጨረሻ ካልሆነ አትንኪ፤ ከነካሽም ሩብ ዙር አይለፍ፣ ከወደቀች ፈልገሽ አታገኛትም።

ሰፊው፣ ኮምቦልቻ

የ27፣ የ28፣ የ127 እና የ128 ማጠንጠኛ አንድ ዓይነት ነው፤ ዛሬም በአዲስ ይመረታል። እኔም ከድሮዎቹ ሁለት ትርፍ አለኝ። ቅዳሜ ለክርና ለገበር ደሴ እወጣለሁ፤ አንዱን ይዤልሽ እመጣለሁ። መወርወሪያዋን በጨርቅ ጠቅልለሽ ይዘሽ ነይ፤ ጫፏ ላይ ጭረት ካለ አብረን እናየዋለን፣ ክሩን የሚቆርጠው እሱ ነው። የአያትሽን ማጠንጠኛ ግን ከነክሯ ቤት ተያት።