ግሌንዴል ቋሚ ተከራይዋን ማሰናበቷ ትክክል ነበር ወይስ ስህተት?

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦
በአሪዞና ግዛት ከፊኒክስ አጠገብ የምትገኘው ግሌንዴል፣ ዛሬ ዴዘርት ዳይመንድ አሬና የሚባለውን ባለ 17,000 መቀመጫ ሁለገብ አዳራሽ እ.ኤ.አ. በ2003 ስትከፍት፣ ከ220 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የግንባታ ወጪው 180 ሚሊዮኑን የሸፈነችው ራሷ ነበረች። አዳራሹ በዋነኛነት የታሰበው ካዮቲስ ለተባለው የበረዶ ሆኪ ቡድን ነው። ሆኖም ከተማዋ በ2021 የኪራይ ውሉን እንደማታድስ አሳወቀች፤ ቡድኑም በ2022 ወጣ። በእኔ እምነት ውሳኔው ትክክል ነበር፤ ጥፋቱ መዘግየቱ ብቻ ነው።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦
በዚህ አልስማማም። ቡድን ያለው አዳራሽ በየዓመቱ ቢያንስ 41 የጨዋታ ምሽቶች ሥራ እንዳለው አስቀድሞ ያውቃል፤ ኮንሰርት ግን ዘፋኞች ለጉብኝት በሚወጡበትና በማይወጡበት ዘመን ይለያያል። በአዳራሹ ዙሪያ ባለው ዌስትጌት በተባለው የገበያና የመዝናኛ ስፍራ ምግብ ቤትና ሱቅ የከፈቱ ነጋዴዎች የተከራዩት እነዚያን ምሽቶች ቆጥረው ነው። ከተማዋ ቃሏን አምነው ገንዘባቸውን ያፈሰሱትን ሰዎች ልትዘነጋ አይገባም ነበር።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦
የነጋዴዎቹ ነገር ቀላል እንዳልሆነ እቀበላለሁ። ነገር ግን እነዚያ 41 ምሽቶች በምን ዋጋ እንደተገዙ እንይ። ቡድኑ በ2009 ኪሳራ ውስጥ ገብቶ የሚወዳደርበት የሆኪ ሊግ ራሱ ከገዛው በኋላ፣ ከተማዋ አዳራሹን እንዲያስተዳድር ለሊጉ በዓመት 25 ሚሊዮን ዶላር ለሁለት የውድድር ዘመናት ለመክፈል ተስማማች። በ2013 ደግሞ ምክር ቤቱ በ4 ለ3 ድምፅ ለአዲሶቹ ባለቤቶች በዓመት 15 ሚሊዮን ዶላር ለ15 ዓመታት የሚከፈልበትን ውል አጸደቀ። ይህ ለ41 ጨዋታዎች ሲካፈል በአንድ ጨዋታ ከ365,000 ዶላር በላይ ይመጣል። ከቲኬት ላይ ከሚታሰብ ተጨማሪ ክፍያና ከመኪና ማቆሚያ የተወሰነው ለከተማዋ ይመለስ እንደነበር አልክድም፤ ያም ሆኖ ተከራይ ለአከራይ ሲከፍል እንጂ አከራይ ተከራዩን እየከፈለ ሲያኖር ማየት እንግዳ ነው። ምክር ቤቱ ራሱ በ2015 ውሉን በ5 ለ2 ድምፅ የሰረዘው በዋዛ አይደለም፤ ቡድኑ ከዚያ በኋላ እስከ 2022 የቆየው በአጫጭር ውሎች ነው።

ከገንዘቡ መጠን ይልቅ የሚያሳስበኝ መነሻው ነው። ከተማዋ የግንባታ ዕዳ ተሸክማ፣ ቡድኑ ከሄደ ሕንፃው ባዶውን ይቀራል ብላ ስለምትፈራ፣ በድርድር ጠረጴዛ ላይ እምቢ የማለት አቅም አልነበራትም። ቡድኑ ግን ሊሄድ ይችል ነበር፤ ሕንፃው አይንቀሳቀስም።

ሦስተኛ ተከራካሪ፦
ስለ ምሽቶቹ አንድ ነገር ልጨምር። ቡድኑ የሚይዘው የሚጫወትበትን ቀን ብቻ አይደለም። ከመደበኛው ውድድር በኋላ ወደሚደረገው የዋንጫ ዙር ያልፍ እንደሆነ ተብሎ በጸደይ ወራት ተጨማሪ ቀናት በጥበቃ ይያዛሉ፤ ባያልፍ እነዚያ ቀናት በመጨረሻው ሰዓት ለኮንሰርት አዘጋጅ ሲቀርቡለት የጉብኝቱን መስመር ቀድሞ ዘርግቶ ጨርሷል። በረዶውን በሰሌዳ ሸፍኖ መድረክ መትከልና መልሶ ማንሳትም ጊዜና ጉልበት ይፈልጋል። ስለዚህ 41 ምሽት ሲባል ከካላንደሩ የሚቀነሰው ከዚያ ይበልጣል።

አራተኛ ተከራካሪ፦
ሁላችሁም የምትከራከሩት ስለ ተከራዩ ነው፤ እኔ ደግሞ ከመሠረቱ ከተማ ለምን የአዳራሽ ባለቤት ይሆናል እላለሁ። ቤተሰብ ለመዝናኛ የመደበውን ገንዘብ እዚህ ባያወጣ ሌላ ቦታ ያወጣዋል። ቡድኑ ቀጥሎ ያረፈባት የቴምፒ ከተማ መራጮች አዲስ አሬና የሚገነባበትን ዕቅድ በ2023 ውድቅ ማድረጋቸው፣ በእኔ ግምት፣ ከጎረቤታቸው የተማሩት ነገር ስላለ ነው።

የመነሻ ሐሳብ አቅራቢ፦
ለአካባቢው በጠቅላላ ከታሰበ እውነትዎን ነው። ግሌንዴል ግን የሽያጭ ታክስ የምትሰበስበው በራሷ ወሰን ውስጥ ነውና፣ የፊኒክስ ነዋሪ እራቱን ዌስትጌት ከበላ ለእርሷ አዲስ ገቢ ነው፤ ጎረቤቷ ቢያጣውም። ዛሬ ቢጠየቅ እኔም ግንባታውን አልደግፍም። ሆኖም በ2021 የቀረበው ጥያቄ እንገንባ አንገንባ ሳይሆን፣ ቆሞ ባለ ሕንፃ ምን ይደረግ የሚል ነበር።

ሁለተኛ ተከራካሪ፦
እንግዲያው የዕዳው ክፍያና በዝግጅት ምሽቶች ለፖሊስ የሚወጣው ወጪ ሳይቀር፣ ከቡድኑ በፊትና በኋላ ያለው ሂሳብ ጎን ለጎን ይቅረብልን። ኮንሰርቱ ብቻውን የተሻለ መሆኑ ከታየ አቋሜን እቀይራለሁ። ለጨዋታ ምሽት ብሎ ሱቅ የተከራየው ሰው ጉዳይ ግን በዚያም አይመለስም።