«ሌላው አሮጌ ቆርቆሮ ነው» ላላችሁን

የሄርማታ ልጅ፦ ትናንት እዚሁ ግሩፕ ላይ አንድ ወንድማችን «ጅማ ውስጥ ቅርስ የሚባለው የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ብቻ ነው፤ ሌላው አሮጌ ቆርቆሮ ነው፤ ፈርሶ ፎቅ ይሠራበት» ብሎ ጻፈ። ስንት ሰው ላይክ እንዳደረገው ሳይ አንጀቴ አረረ። በጣሊያን ጊዜ በተሠራው ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ያሉት ባለ በረንዳ ቤቶች፣ መርካቶ ዙሪያ ያሉት የድሮ ሱቆች፣ ሁሉም አሮጌ ቆርቆሮ?

ቦዬ፦ የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ አልደበቅም። አሁንም እላለሁ። ከነዚህ ቤቶች በአንዱ፣ በቀበሌ ቤት ነው ያደግሁት። ክረምት ሲገባ ሳፋው፣ ባልዲው፣ ድስቱ ሁሉ ወለል ላይ ይደረደራል። ሽንት ቤቱ የግቢው ሁሉ ነው። በረንዳው ፎቶ ላይ ያምራል። እናቴ ግን የኖረችው ፎቶው ውስጥ አይደለም።

ጅሬን፦ ቦዬ ወንድሜ፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥትም እኮ ክዳኑ ቆርቆሮ ነው፣ ግድግዳው እንጨት። በአንተ ሚዛን እሱም ይፍረስ?

ቦዬ፦ እሱ የንጉሥ ቤት ነው! የኔን እናት ቤት ከሱ ጋር አታወዳድርብኝ።

የሄርማታ ልጅ፦ ታዲያ ቅርስ የሚሆነው የንጉሥ ቤት ብቻ ነው ማለት ነው። ነጋዴው፣ ልብስ ሰፊው፣ ቡና ለቃሚው የኖረበት ቤት ታሪክ የለውም?

የድሮ መምህር፦ ልጆቼ፣ ትንሽ ልጨምር። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ቤተ መንግሥታቸው ባለበት ጅሬን ላይ ሆነው ሲገዙ፣ ታች አሁን ከተማዋ ባለችበት ሄርማታ ሐሙስ ሐሙስ ገበያው ይደራ ነበር። ቡናው፣ ዝባዱ፣ የዝሆን ጥርሱ፣ ሰው ሳይቀር እዚያ ተሽጧል። ይሄንንም መደበቅ የለብንም። ጣሊያን በ1936 ገብቶ በ1941 ሲወጣ ከተማዋን ከባዶ አልፈጠራትም። ገበያው ላይ መጥቶ ነው የሠራው። «ጣሊያን ሠራልን» ሲባል ስሰማ ያንገበግበኛል።

አዌቱ ማዶ፦ ጋሼ እናመሰግናለን። ግን ታዲያ የጠላትን ቤት ለምን እንንከባከባለን? እኔን ከጠየቃችሁኝ የመጀመሪያው ዶዘር እዚያ ነው መግባት ያለበት።

የድሮ መምህር፦ ልጄ፣ ድንጋዩን የጠረበው ማን ሆነና? የኛው አባቶች ናቸው። ከዚያ ወዲህ ከሰማንያ ዓመት በላይ የኖርንበት፣ የዳርንበት፣ የቀበርንበት እኛ ነን። ጠላቱ የቆየው አምስት ዓመት ነው።

አዌቱ ማዶ፦ አልተዋጠልኝም ጋሼ። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ አርክቴክቸር ነው የምማረው። ስለ አሮጌው ብቻ እያወራን አዲሱን ረሳነው። ቤተ መንግሥቱን ዙሩት። በረንዳው ሰፊ ነው፣ ክዳኑ ከግድግዳው ወጣ ብሎ ያጠላል። ዝናብ እንጨቱን እንዳይመታ፣ ፀሐይ ክፍሉን እንዳያነድ ነው። ፈረንጅ አራዳ ያሉትም በራሳቸው መንገድ ያንኑ አድርገዋል። አሁን የሚሠራው ፎቅስ? ፊቱ በሙሉ መስታወት፣ ክፈፍ የለው፣ በረንዳ የለው። አንዱ ውስጥ ለልምምድ ወጥቼ ነበር። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲመጣ ሁሉም ሰው መጋረጃ ይዘጋና በቀን መብራት ያበራል። ይሄ ከአዲስ አበባ የተቀዳ ሕንፃ ነው። ጅማ ዝናብ የሚበዛባት ከተማ ናት!

ቦዬ፦ እህቴ፣ ይሄ ያስማማናል። ግን መልሱ አሮጌውን ማቆየት ነው? በረንዳ ያለው አዲስ ቤት ሥሩልን።

ኪቶ ፉርዲሳ፦ ሁሉንም ካፈረስክ ከምን አይቼ ልማር?

አዌቱ ማዶ፦ ኮሪደር ልማቱንም አትርሱ። አዌቱ ወንዝ ዳር ድሮ አፍንጫችንን ይዘን ነበር የምናልፈው። አሁን ማታ ማታ ሰው ከነልጁ ወጥቶ ይቀመጣል። ከተማ ሲለወጥ የሚያለቅስ ሰው አይገባኝም።

ጅሬን፦ ስለ ወንዙ ማን ምን አለ? ወሬ አትቀይር። ጥያቄው ስለ «አሮጌ ቆርቆሮ» ነው። ደግሞ ሕግ አለ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለ። ቅርስ ያለ ፈቃድ መጠገን እንኳ አይቻልም፣ እንኳን ማፍረስ።

ቦዬ፦ ይኸውላችሁ! ይሄን ነው የምፈራው። ቅርስ ከተባለ ተከራዩ ምስማር አይመታም፣ የሚያፈስ ቆርቆሮ አይቀይርም፣ የሚያድስለትም አካል አይመጣም። ቤቱ ከነሰዉ ቁጭ ብሎ ይበሰብሳል። ከዚያ እናንተ መጥታችሁ ፎቶ ታነሳላችሁ።

የሄርማታ ልጅ፦ እንግዲያው «ይታደስ» በል እንጂ «ይፍረስ» አትበል! አከራዩ ቀበሌው አይደል? የሚያፈሰውን ቤት ማደስ ያለበት እሱ ነው። ቤቱ ሲፈርስ እኮ ተከራዩ እዚያው ፎቅ ላይ አይገባም። ወደ ዳር ነው የሚወጣው፤ ፎቁ የሌላ ነው። ጎረቤቶቻችን የት እንደሄዱ አንተም ታውቃለህ።

ቦዬ፦ አውቃለሁ። አንዳንዶቹ ቧንቧ ያለው ቤት አግኝተዋል። እነሱን ጠይቃቸው።

የሄርማታ ልጅ፦ ገበያቸውን፣ ዕድራቸውን፣ ደንበኛቸውን ያጡትንም ጠይቅ።

አዌቱ ማዶ፦ ዕድር እንደሆነ ሰው ያለበት ይቋቋማል፣ ምን ችግር አለው?

የድሮ መምህር፦ ይሄን ያልከው ዕድር ውስጥ ኖረህ ስለማታውቅ ነው ልጄ።

አዌቱ ማዶ፦ ጋሼ፣ የሰፈራችን ዕድር ጸሐፊ እኔ ነኝ!